ማይክሮፎኑ በማን እጅ ነበር? የሠራተኛ አመፅ የቴሌቪዥን ድራማ ሲሆን

ነገሩ ለድራማ ተብሎ የተፈጠረ ይመስላል። መንግሥት አለ፤ ራሱን የሠራተኛው መንግሥት እያለ ይጠራል። ሠራተኛ አለ፤ ደመወዙ ሥጋ መግዛት አቅቶታል። አንድ ቀን ሠራተኛው ማሽኑን ያጠፋና በስሙ የሚምለውን መንግሥት "እስቲ ና እንነጋገር" ይለዋል። ከዚህ በላይ ምን ግጭት ይፈለጋል?

ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ግን ያስቸግራል። ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፣ ይከራከራሉ፣ ያጨሳሉ፣ ይፈርማሉ። የቱርክ ተከታታይ የለመደ ዓይን አሥር ደቂቃ የሚታገሥ አይመስለኝም። ይህ እንኳ በጥሩ ተዋናይ ይታለፋል። የማይታለፈው ሌላው ነው፦ የታሪኩ ግማሽ የተፈጸመው ማንም በማይገባበት ዝግ ክፍል ውስጥ ነው። ደራሲው እዚያ በር ላይ ሲደርስ ምን ያድርግ? ከራሱ ይፍጠር? ይለፈው?

ይህ የድሮ የደራሲዎች ጭንቀት ብቻ አይደለም። ዛሬ ከድራማ የተቆረጠች አንዲት ደቂቃ ቲክቶክ ላይ ትወጣና ሳምንት ሳይሞላት የታሪክ ማስረጃ ሆና ታርፋለች። "እከሌ እንዲህ ብሎ ነበር" ይባላል። ማን ሰማው? ድራማው ላይ ብሏላ! ስለዚህ ቃሉ ከየት መጣ ብሎ መጠየቅ የአሁን ጉዳይ ነው። ጥያቄውን በደንብ ያነሱ ሁለት የቴሌቪዥን ድራማዎች አሉ። ሁለቱም ስለ ፖላንድ ናቸው፣ ሁለቱም የተሠሩት እንግሊዝ አገር ነው፣ የሄዱበት መንገድ ግን ፍጹም ተቃራኒ ነው። (የፖላንዱን ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።)

ከቴፑ እንጀምር።

በታኅሣሥ 1970 የፖላንድ መንግሥት ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲቀረው የምግብ ዋጋ ጨመረ። በባልቲክ ባሕር ዳር ከተሞች፣ በግዳንስክ፣ በግዲኒያና በሽቸቺን፣ የመርከብ ፋብሪካ ሠራተኞች አደባባይ ወጡ። ወታደር ተኮሰ፣ ከ40 በላይ ሰው ሞተ። የገዢው ኮሚኒስት ፓርቲ መሪ ጎሙልካ ወረዱና ኤድቫርድ ጊዬሬክ ተተኩ። አዲሱ ሰውዬ የማዕድን ቆፋሪ ልጅ ናቸው፣ ራሳቸውም ጉድጓድ ገብተው የሠሩ ናቸውና ሕዝቡ ትንሽ ተስፋ አደረገ። ዋጋው ግን አልወረደም። በጥር 1971 የሽቸቺን ሠራተኞች እንደገና ሥራ አቆሙ። በዚህ ጊዜ ማንም ያልጠበቀው ነገር ሆነ። ጊዬሬክ ራሳቸው ጥር 24 ቀን ወደ ፋብሪካው መጡ። ጠቅላይ ሚኒስትሩን አስከትለዋል፤ የመከላከያ ሚኒስትሩንም ጭምር። የመከላከያ ሚኒስትሩ ቮይቼህ ያሩዘልስኪ ይባላሉ፤ ስማቸውን ያዙልኝ፣ እንመለስባቸዋለን።

ስብሰባው ዘጠኝ ሰዓት ያህል ፈጀ። የፓርቲ መሪ ከብየዳ ሠራተኛ ፊት ተቀምጦ "ልጆቻችንን ማን ገደለ?"፣ "ጋዜጣው ለምን ይዋሻል?" እየተባለ ሲጠየቅ ያደረበት ሌሊት በዚያ ዓለም ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ከዚህም በላይ ሁሉም ነገር በቴፕ ተቀድቷል። ቴፑ ከአገር ወጣ። በ1976 ግራናዳ የተባለው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጣቢያ ያንን ሌሊት "ሦስት ቀናት በሽቸቺን" ብሎ ድራማ አደረገው። አዘጋጁ ሌስሊ ውድሄድ ነበር። የሥራ ማቆም ኮሚቴውን የመራው ኤድመንድ ባሉካና የፓርቲው መሪ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፣ ተዋናዮቹም የሚናገሩት ከተቀዳው የመጣውን ነው። ጠረጴዛ፣ ጭስ፣ የደከመ ፊት። በቃ።

እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ሰው ሲጨቃጨቅ በእውነት እንዴት እንደሚናገር ደራሲ ፈጥሮ አያመጣውም። አንዱ ስለ ሟቾች ሲያወራ ሌላው ተነሥቶ ስለ መታጠቢያ ክፍል ይጠይቃል። ሦስተኛው ስለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ ይቀጥላል። በሠለጠነ ድርሰት ውስጥ ይህ እንደ ስሕተት ይታረማል። በሕይወት ውስጥ ግን የሠራተኛ ስብሰባ ማለት ይኸው ነው። ማኅበር ተሰብስቦ የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል።

ግን ቴፕም ያዳላል። ያሳየናል የምንለው ማይክሮፎን የነበረበትን ቦታ ብቻ ነው። ይህን ለማየት ከሽቸቺን ሦስት ሳምንት ወደፊት መሄድ ይበቃል። የመርከብ ፋብሪካ ወንዶች ከጊዬሬክ ጋር ተነጋግረው፣ ተጨቃጭቀው፣ በመጨረሻ ወደ ሥራ ተመለሱ፤ የሥጋ ዋጋ እንዳለ ነበር። ዋጋውን ያስወረዱት በየካቲት 1971 ሥራ ያቆሙት የዉጅ ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ናቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሊያግባቧቸው መጡ፤ እነሱ ንቅንቅ አላሉም፤ መንግሥት የዋጋ ጭማሪውን ሰረዘ። ታዲያ የቴሌቪዥን ድራማ የተሠራው ስለ የትኛው ነው? ባዶ እጁን ስለ ተመለሰው። ቴፑ የነበረው እዚያ ነዋ።

በ1980 የግዳንስክ ሠራተኞች ይህን ትምህርት የቀሰሙ ይመስላል። በነሐሴ ወር የሌኒን መርከብ ፋብሪካ አስተዳደር አና ቫለንቲኖቪች የተባለችውን የክሬን ሠራተኛ ጡረታዋ አምስት ወር ሲቀረው አባረራት። ነሐሴ 14 ቀን ሥራ ቆመ። ከጥያቄዎቹ የመጀመሪያው እሷና ከዚያ በፊት የተባረረው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሌክ ዋሌሳ ወደ ሥራ ይመለሱ የሚል ነበር። በኋላ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ያጊየልስኪ ለድርድር ሲመጡ ሠራተኞቹ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፤ ድርድሩ በፋብሪካው ድምፅ ማጉያ ግቢው ድረስ ይሰማ አሉ። ተሰማም። ሚኒስትሩ የሚናገሩትን እያንዳንዱን ቃል አጥር ሥር ሣር ላይ የተቀመጠው ሺሕ ሠራተኛ በዚያው ሰዓት ይሰማዋል። በጆሮ ማንሾካሾክ የለም፣ "ለብቻችን እናውራ" የለም። ይህ ድራማ ለሚሠራ ሰው ወርቅ ነው፤ ለተደራዳሪ ባለሥልጣን ደግሞ ቅዠት ነው።

ግን የዚያ ወር ትልቁ ቅጽበት የሆነው ማይክሮፎኑ በተዘጋበት ሰዓት ነው። ነሐሴ 16 ቀን፣ ቅዳሜ። አስተዳደሩ የደመወዝ ጭማሪ ሰጥቷል፣ የተባረሩትን እመልሳለሁ ብሏል። አድማውን ይመራ የነበረው ዋሌሳ "አበቃ፣ አሸንፈናል" አለ። ሠራተኛው ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ደክሞታል፣ ልብሱን ሊቀይር፣ ልጆቹን ሊያይ ወደ በሩ ጎረፈ። በእነሱ ምክንያት ሥራ ያቆሙት ትንንሽ ድርጅቶች ግን ምንም አላገኙም። ሄንሪካ ክሺቮኖስ የምትባል የትራም ሹፌር "ብቻችንን ከተዋችሁን አለቀልን፤ አውቶቡስ ታንክ አይችልም" ብላ ጮኸች። ቫለንቲኖቪችና አሊና ፒየንኮቭስካ የምትባል የክሊኒክ ነርስ ወደ መውጫው ሮጡ። ድምፅ ማጉያ የለም። በጉሮሮ ነው። ፒየንኮቭስካ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥታ "ሌሎቹ አብረውን ቆመዋል፣ ጥለናቸው አንሄድም" እያለች ለመነች። በሩ ተዘጋ። አብዛኛው ሰው አስቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ ያንን ሌሊት ግቢው ውስጥ ያደረው ጥቂቱ ነው። ግን ያ ጥቂት ሰው በማደሩ የአንድ ፋብሪካ የደመወዝ ጥያቄ የአገር ጥያቄ ሆነ። ብዙም ሳይቆይ 21 ጥያቄዎች በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፈው በሩ ላይ ተሰቀሉ፤ አንደኛው ከፓርቲ ነፃ የሆነ የሠራተኛ ማኅበር ይፈቀድ የሚል ነበር። ነሐሴ 31 ተፈረመ። ከዚህ የተወለደው ነፃ ማኅበር፣ ሶሊዳሪቲ፣ በዓመቱ ወደ 10 ሚሊዮን አባላት ነበሩት፤ አገሪቱ በጠቅላላ 36 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነው ያላት።

አሁን ወደ ሁለተኛው ድራማ። በ1984 ቻናል 4 ላይ የታየ ነው፤ ደራሲው ቶም ስቶፓርድ፣ ርእሱ ክብን አራት ማዕዘን ማድረግ እንደ ማለት ነው። የማይቻለው ነገር ምን እንደሆነ ግልጽ ነው፦ ነፃ የሠራተኛ ማኅበርና አንድ ፓርቲ የሚገዛው ሶሻሊዝም በአንድ አገር ውስጥ። ስቶፓርድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ቢሆንም የተወለደው ቼኮስሎቫኪያ ነው፤ የምሥራቅ አውሮፓን ጉዳይ በሩቁ የሚያወራ ሰው አልነበረም።

የድራማው አከፋፈት ድፍረት አለው። የሶቪየት ኅብረቱ መሪ ብሬዥኔቭና ጊዬሬክ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ይንሸራሸራሉ። የሚነጋገሩት ልክ እንደ ጋራ መግለጫ ነው፦ ወንድማዊ ግንኙነት፣ ጓዳዊ መንፈስ፣ ምናምን። ተራኪው ብቅ ይልና እነዚህ እነሱ አይደሉም፣ ባሕሩም ጥቁር ባሕር አይደለም፣ ከቃላቱና ከምስሉ በቀር ሁሉም ነገር እውነት ነው ይለናል። ከዚያ ያው ትዕይንት እንደገና ይመጣል። አሁን ብሬዥኔቭ የሚያወራው እንደ ማፍያ አለቃ ነው። የትኛው ነው ትክክሉ? ሁለቱም አይደሉም። የመጀመሪያው ጋዜጣው የጻፈው ነው፣ ሁለተኛው እኛ በሆዳችን የምንጠረጥረው ነው። መካከል ላይ ያለውን እነሱና ባሕሩ ብቻ ናቸው የሚያውቁት።

በየመሀሉ ደግሞ አንድ ተራ ፖላንዳዊ ምስክር ይመጣና ተራኪውን ያርመዋል። አንተ ፈረንጅ፣ እንዲህ አልነበረም ይለዋል። ይህችን ነገር ወድጃታለሁ። ስለ ሌላ ሰው አገር የሚጽፍ ሁሉ ትከሻው ላይ እንዲህ ዓይነት ሰው ቢቀመጥለት ጥሩ ነበር። መጀመሪያ የተራኪው ቦታ ለደራሲው ራሱ የታሰበ ነበር፤ ገንዘቡ ከአሜሪካ ስለመጣ ግን በመጨረሻ አሜሪካዊው ተዋናይ ሪቻርድ ክሬና ገባበት። ይታያችሁ፣ ስለ ሠራተኛ ነፃነት የሚያወራ ድራማ ውስጥም ከፋዩ ቃል አለው። ዋሌሳን የተጫወተው በርናርድ ሂል ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሌላ የእንግሊዝ ተከታታይ ሥራ አጥቶ የሚንከራተት ሰው ሆኖ አገሩን ያስለቀሰ ተዋናይ ነው። የምሥራቁን አድመኛ ፊት ከምዕራቡ ሥራ ፈት ማዋሳቸው አስበውበት ይሁን አይሁን፣ ለተመልካቹ ግን ትርጉም ነበረው።

ስቶፓርድ "ይህንን ፈጥሬዋለሁ" ማለቱ ያስመሰግነዋል። ያም ሆኖ ድራማው ወደ ዝግ ክፍሎቹ ያጋድላል፦ የፖለቲካ ቢሮ ስብሰባ፣ የባለሥልጣናት ቀልድ፣ የጳጳስና የጄኔራል ጨዋታ። ምክንያቱ አይጠፋችሁም። ዝግ ክፍል ለጎበዝ ደራሲ ባዶ ወረቀት ነው፤ የፈለገውን ብልህ ቃል ያስገባበታል። በር ላይ ቆማ በጉሮሮዋ የምትለምን ነርስ ግን ብልህ ቃል አትፈልግም። ፎቶ አለ፣ ምስክር አለ፣ እሷ ያለችውን ማለት ብቻ ነው። እና በቃላት የሚኖር ሰው ወደ የትኛው እንደሚሳብ የታወቀ ነው። የቴፑ ድራማ ማይክሮፎን ወደነበረበት አዳላ፤ የስቶፓርድ ደግሞ ማይክሮፎን ወዳልነበረበት። የዉጅ ሴቶችም የቅዳሜዋ ነርስም በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ውስጥ ናቸው።

ለመሆኑ ፖላንዶቹ ራሳቸው ቴሌቪዥናቸው ላይ ለምን አልሠሩትም? ቴሌቪዥኑ ራሱ የጦር ሜዳ ስለነበረ ነው። ታኅሣሥ 13 ቀን 1981፣ እሑድ ጠዋት፣ ሕፃናት ፕሮግራማቸውን ሊያዩ ሲከፍቱ የመጣላቸው ወታደራዊ ልብስ የለበሰ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ነው። ያሩዘልስኪ። ያ በሽቸቺን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ የነበረው ሰው አሁን ጠቅላይ ሚኒስትር፣ የፓርቲ መሪም ሆኗል፣ ወታደራዊ አገዛዝም አወጀ። ስልክ ተቆረጠ። ዜና አንባቢዎች ሳይቀሩ የጦር ልብስ ለበሱ። ከሦስት ቀን በኋላ ቩየክ በተባለው የከሰል ማዕድን ማውጫ ዘጠኝ ሠራተኞች በጥይት ተገደሉ።

የሕዝቡ መልስ ግን ያስቃልም ያስደንቅማል። ሽቪድኒክ በተባለች ትንሽ ከተማ ሰዉ በየካቲት 1982 ልክ የማታው ዜና ሲጀምር ቤቱን ጥሎ መንገድ ላይ መንሸራሸር ጀመረ። ሰላማዊ ሽርሽር፣ ሌላ ምንም የለም። አንዳንዱ ቴሌቪዥኑን ወደ መስኮት አዙሮ፣ ፊቱን ወደ ጎዳናው አድርጎ ይተወውና ይወጣል፤ "ራስህ ስማው" እንደ ማለት። ባለሥልጣናቱ ሰዓት እላፊውን ወደ ምሽቱ አንድ ሰዓት አመጡት። ሕዝቡ ከዚያ ቀደም ብሎ በሚተላለፈው ዜና ሰዓት መውጣት ጀመረ። ተዋናዮችም በቴሌቪዥንና በሬዲዮ አንሠራም ብለው አደሙ። አድማውን ጥሶ ቴሌቪዥን ላይ የታየ ተዋናይ ቲያትር ቤት ሲመጣ ተመልካቹ ያጨበጭብለታል፤ ያጨበጭባል፣ ያጨበጭባል፣ አያቆምም፤ ሰውዬው አንድ ቃል ሳይናገር ይወርዳል። እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ለመንግሥት ጣቢያ ድራማ ማን ይጽፋል፣ ማንስ ይተውናል?

ሌላ ችግር ደግሞ አለ፤ ባለታሪኮቹ እርስ በርስ አይስማሙም። ዋሌሳ በመጀመሪያው ቀን አጥር ዘልሎ ገባሁ ይላል። ቫለንቲኖቪች ግን በባሕር ኃይል ጀልባ ነው የመጣው ብላ ስትከስሰው ኖራለች፤ የሚከላከሉለት ይህ ስም ማጥፋት ነው ይላሉ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለደኅንነት መሥሪያ ቤት መረጃ ሰጥቷል የሚለው ክስ በ2016 አዳዲስ ሰነዶች ሲወጡ እንደገና ነደደ፤ እሱ ይክዳል። ድራማ የሚሠራ ሰው የአጥሩን ትዕይንት እንዴት ይቅረጸው? ዘልሎ ሲገባ ካሳየ ወግኗል፣ ካላሳየም ወግኗል። በ2006 የቫለንቲኖቪችን ሕይወት መሠረት ያደረገ ፊልም ጀርመናዊ ዳይሬክተር ሲሠራ እሷ ራሷ አልወደደችውም። የስቶፓርድ ምስክር ምን ያህል እንደሚያስፈልግ እዚህ ላይ ይገባናል።

ስለ ፖላንድ ይህን ሁሉ የማወራው ያው ታሪክ በእኛም ቤት ስላለፈ ነው፤ ያውም ከግዳንስክ አምስት ዓመት ቀድሞ። የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመ ነው። በየካቲት 1966 ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ጠርቶ ንጉሣዊውን መንግሥት ያናወጠው እሱ ነው። ደርግ ታኅሣሥ 1967 ላይ ሶሻሊዝምን አወጀ። ሠራተኛው ሊጨፍር ነው ሲባል ማኅበሩ የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም፣ የመናገርና የመደራጀት መብት ይከበር አለ። በመስከረም 1968 የማኅበሩን ጥሪ የያዘ ወረቀት ኤርፖርት ላይ ሲበተን ወታደር ተኮሰ፣ ሰው ሞተ። በቀናት ውስጥ አዲስ አበባ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መሪዎቹ ታሠሩ፣ ማኅበሩ ፈረሰ፣ በ1969 በቦታው የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ቆመ። አብዮት አደባባይ ላይ "ሠርቶ አደሩ" እየተባለ የሚዘመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ይህን የቴሌቪዥን ድራማ ላድርግ ብሎ የሚነሣ ሰው የግዳንስክ ዕድል የለውም። እዚያ ማይክሮፎኑን የያዘው ሠራተኛው ነበር፣ ክፍሉን የዘጋው መንግሥት። እዚህ የተገላቢጦሽ ነው። አዋጁ፣ መግለጫው፣ ማርሹ፣ "አድኃሪያን" የሚለው የሬዲዮ ድምፅ፣ ይህ ሁሉ የተቀዳ ነው። ሠራተኛው ግን በድብቅ ነው የተሰበሰበው። ስለዚህ "ከሰነድ ነው የሠራሁት" የሚል አዘጋጅ ሳያውቀው ከደርግ አፍ ጽፎ ሊመጣ ይችላል። ልክ እንደ ስቶፓርድ "ይህ ክፍል የእኔ ፈጠራ ነው" ብሎ ማመን ሊያስፈልገው ነው፤ ልዩነቱ የሚፈጥረው የባለሥልጣናቱን ሳይሆን የሠራተኞቹን ክፍል መሆኑ ነው።

ወይም ደግሞ ላይፈጥር ይችላል። ያኔ 25 ዓመት የነበረው ሠራተኛ ዛሬ 75 ነው። የሚጠየቀው ነገር የከበደ አይደለም። ያ ወረቀት የት ተባዛ? የማባዣው ቁልፍ በማን ኪስ ነበር? ወደ ኤርፖርቱ ማን ይዞት ገባ፣ በቦርሳ ነው በምሳ ዕቃ? ማን ፈርቶ ቀረ? ተኩሱ ሲጀምር ካንቲን ውስጥ የነበረችው ሴት ምን አየች?